ዝናብ ሲመጣ የሚበራው የኢንጅን መብራት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ2003 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ አለችኝ። በበጋ ምንም አትለኝም። ክረምት ሲገባ ግን ሌሊቱን ዘንቦ ባደረ ቁጥር ጠዋት ሳስነሳት ትንቀጠቀጣለች፤ ቢጫዋ የኢንጅን መብራትም ትበራለች። ሃያ ደቂቃ ያህል ስነዳት መንቀጥቀጡ ይተዋታል። መብራቷ ግን ሁለት ሦስት ቀን ትቆይና በራሷ ጊዜ ትጠፋለች። አንዱ ጋራዥ የኦክስጅን ሴንሰር ቀየረልኝ። ሌላው አራቱንም ካንዴላ ቀየረ። ሁለቱም ኮምፒውተሯ የመዘገበውን የጥፋት ኮድ አጠፉልኝ፤ ለሳምንት ሰላም ሆነች፤ ዝናብ ሲመጣ ያው ተመለሰ። አሁን ደግሞ «ኮምፒውተሯ ነው» ተብያለሁ። ልቀይረው? እሁድ ሀዋሳ መንገድ አለብኝ፤ ልሂድባት?

መልስ፦ እህቴ፣ ኮምፒውተሩን ለጊዜው ተዪው። የነገርሽኝ ምልክት ሁሉ የሚጠቁመው ሌላ ቦታ ነው። የተበላሸ ኮምፒውተር ዝናብ ያደረበትን ጠዋት እየመረጠ፣ ለሃያ ደቂቃ ብቻ አያስቸግርም። ውሃ ገብቶበት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

የሀዋሳውን ላስቀድም፤ ቀኑ ደርሷል። መብራቷ በርታ ዝም ካለች፣ ሞተሩም ከሞቀ በኋላ ካልተንቀጠቀጠ፣ ሂጂባት። ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ግን አትሂጂ። ያኔ ቢያንስ አንዱ ሲሊንደር እሳት እያጣ ነው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ማርሚታው መስመር ይወርዳል። እዚያ ያለው ካታላይዘር፣ የጭስ ማጣሪያው፣ ውስጥ ሲቃጠል ካታላይዘሩን ራሱን ከልክ በላይ አግሎ ያቀልጠዋል። መንገድ ላይ ከጀመረሽ ነዳጅ አትርገጪ፤ ቀስ ብለሽ ጥግ ያዢ። የበራው ቀይ ከሆነ፣ ማለትም የዘይት ወይም የሙቀት መብራት፣ ሞተሩን ወዲያው አጥፊው። እሱ ከዛሬው ጉዳያችን ጋር ግንኙነት የለውም፤ ግን ቀይና ቢጫ እየተምታታባቸው ሞተር ያስበሉ ሰዎች ስላሉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

መብራቷ የምትነግርሽ የዛሬን አይደለም። አብዛኛው መኪና ላይ ኮምፒውተሩ ጥፋቱን አንዴ ስላየ ብቻ መብራት አያበራም። በሁለተኛው ጉዞም ሲያየው ነው የሚያበራው። ለማጥፋትም አይቸኩልም፤ በተከታታይ ሦስት ጉዞ ጥፋቱ ካልተደገመ ያጠፋዋል። ኮዱ ግን ከማስታወሻው ቶሎ አይወጣም። ሞተሩ አርባ ጊዜ ያህል በደንብ ሞቆ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ ዝናቡ ሰኞ አቁሞ መብራቷ ሐሙስ ብትጠፋ ሐሙስ ዕለት የተስተካከለ ነገር የለም። ሰኞ የደረቀው ነገር ነው ሐሙስ የታየሽ።

ሁለቱም ጋራዦች ልክ የመሰሉሽ በዚህ ምክንያት ነው። ዕቃ ቀየሩ፣ ኮዱን ሰረዙ፣ መብራቷ ጠፋች። ከዚያ ጥቂት ቀን ፀሐይ ወጣ። ሆን ብለው ያታለሉሽ አይመስለኝም፤ እነሱም የተሳካላቸው መስሏቸዋል። እኔን የሚያናድደኝ የኮዱን ቁጥር ሳይጽፉልሽ መሰረዛቸው ነው። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ የዚያችን ቅጽበት ሁኔታ አብሮ ያስቀምጣል፦ የሞተሩን ሙቀት፣ ዙሩን፣ የመኪናውን ፍጥነት። የሞተሩ ሙቀት 18 ዲግሪ፣ ፍጥነቱ ዜሮ ተብሎ ከተጻፈ፣ ጥፋቱ የተፈጠረው ጠዋት ቆማ ስትነሳ ነው። ሙቀቱ 90፣ ፍጥነቱ 40 ከሆነ ደግሞ ምናልባት ውሃ የተኛበት መንገድ ላይ ነው። ይህን የመሰለ ማስረጃ በአንድ ቁልፍ ተሰረዘ። ባትሪ ነቅሎ መመለስም ያው ነው፤ አብሮ ያጠፋዋል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው ኮድ ሳይሰርዝ በፊት ስክሪኑን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚሠራውን ትንሽ ማንበቢያ ልግዛ ካልሽም ጥሩ ነው፤ ግን ከመክፈልሽ በፊት መኪናሽ ላይ ሞክሪው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ቆየት ያሉ ቪትዞች ከአንዳንዱ ርካሽ ማንበቢያ ጋር አይግባቡም።

ቀጥሎ የምጠይቀው ውሃው ከየት እንደመጣ ነው። ዝናብ መኪና ላይ የሚደርሰው በአንድ መንገድ አይደለም፤ ጥፋቱም እንደ መንገዱ ይለያያል። ቆማ ያደረች መኪና ላይ ውሃው ከላይ ይንጠባጠባል፣ እርጥበቱም ሌሊቱን ሙሉ ይሰርጋል። ኩሬ ውስጥ ስትነጂ ከታች ይረጫል። ከታች የተረጨ ውሃ የሚያገኘው ማርሚታው ላይ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰርና ሶኬቱን፣ የጎማ ፍጥነት ሴንሰሮችን፣ ቺንጋውን ነው። ያኔ የኤቢኤስ፣ ማለትም የፍሬን መቆጣጠሪያው፣ መብራት አብራ ልትበራ ትችላለች። ቺንጋው ረጥቦ ሲንሸራተት ደግሞ ሲጢጥ ይልና የባትሪ መብራት ለአፍታ ታበራለች። አየር ማጣሪያው ውሃ ጠጥቶም ሞተሩ ሊታፈን ይችላል። ሦስተኛው መንገድ ላቫጆ ነው፤ እሱ ከዝናብ ይብሳል፤ እደርስበታለሁ።

ያንቺ ከላይ የሚመጣው ነው። ጠዋት፣ ቆማ ካደረች በኋላ፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚተው መንቀጥቀጥ። ይህ የእሳት መስመር ችግር ምልክት ነው። ኮዱ ተጽፎልሽ ቢሆን ኖሮ ፒ0300፣ ወይም ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ያለው ላይ እወራረድ ነበር። የመጨረሻው ቁጥር የሲሊንደሩ ቁጥር ነው። ፒ0300 ከሆነ እሳት መሳቱ በአንድ ሲሊንደር አልተወሰነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪትዝሽ በየካንዴላው ላይ የራሱ ኮይል ተቀምጦለታል። ኮይሉ ከባትሪው የወሰደውን 12 ቮልት ከ20 ሺህ ቮልት በላይ አድርጎ፣ ከስሩ ባለው የጎማ ቱቦ በኩል ለካንዴላው ያቀብላል። ይህን የሚያህል ቮልቴጅ ሁልጊዜ የሚፈልገው ቀላሉን መንገድ ነው። ጎማው ደረቅና ጤነኛ ከሆነ ካንዴላው ጫፍ ላይ ይፈነዳል። ጎማው ከተሰነጠቀና እርጥበት ከገባበት ግን በስንጥቁ በኩል ወደ ቴስታታው፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የላይኛው ክፍል ብረት፣ ያመልጣል። ሲሊንደሩ ሳይቃጠል ያልፋል፤ አንቺ መንቀጥቀጥ ይሰማሻል። ሞተሩ ሲሞቅ ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ይደርቃል፤ እሳቱም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሃያ ደቂቃሽ ይቺው ናት።

አዲስ ካንዴላ ለምን አልረዳም? ካንዴላው ጥፋተኛ ስላልነበረ ነዋ። አንዳንዴ እንዲያውም ቅያሬው ራሱ ያባብሳል። ያረጀ ጎማ ሲነቀል ይቀደዳል፤ መካኒኩም ሳያየው መልሶ ይገጥመዋል።

እሳቱ አንዴ በስንጥቅ ማምለጥ ከጀመረ ጎማው ላይ ወይም የካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ያሰምራል። ያ የተቃጠለ ካርቦን ነው፤ ካርቦን ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ከዚያ በኋላ ብትጠርጊውም እሳቱ መንገዱን ለምዷል። ስለዚህ ጥቁር መስመር ያየሽበት ጎማ ይጣል። ሸክላው ላይም ካለ ካንዴላው አዲስ ቢሆንም ይቀየር። ጎማው ብቻውን ከተገኘ ሙሉ ኮይል መግዛት የለብሽም። ሶማሌ ተራ ጠይቂ፤ አንዳንድ ሱቅ ለብቻው ይሸጠዋል።

ውሃው ግን እንዴት እዚያ ደረሰ? ጎማ ከመግዛትሽ በፊት ይህን እዪ፤ አለበለዚያ አዲሱም ይረጥባል። ኮፈኑን ክፈቺና ከመስታወቱ ስር፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ የሚወጡበትን ጥቁር ፕላስቲክ ተመልከቺ። ከመስታወቱ የሚወርደው ውሃ የሚሰበሰበው እዚያ ስር ነው። ከዚያ በጎንና በጎን ባሉ መውረጃዎች ወደ መሬት ይሄዳል፤ መሄድ አለበት። መኪናሽ ዛፍ ስር የምታድር ከሆነ መውረጃዎቹ በቅጠል ይደፈናሉ። ጽድና ባሕር ዛፍ ስር የሚያቆም ሰው ይህን ያውቀዋል። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይም መያዣዎቹ ከረገፉ ደግሞ ውሃው ቀጥታ ሞተሩ ላይ ይንጠባጠባል። ቅጠሉን በእጅሽ ልቀሚ፣ አንድ ሊትር ውሃ መስታወቱ ላይ ቀስ ብለሽ አፍስሺ፣ በየት እንደሚወጣ ጎንበስ ብለሽ እዪ። ለዚህ መካኒክ አያስፈልግሽም።

ሌላው ከቴስታታው ክዳን የሚያፈስ ዘይት ነው። ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም የክዳኑ መዝጊያ ላስቲክ፣ ሲደርቅ ዘይት የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ዘይት ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፤ ከዚያ ለውሃው ቀላል ምርኮ ይሆናል። ኮይሉ ሲወጣ ጫፉ ዘይት ነክቶት ከመጣ ጓርኒሲዮኑን ሳትቀይሪ ሌላ ነገር አትቀይሪ።

ጥፋቱን ደረቅ ቀን ላይ በራስሽ መፍጠርም ይቻላል። መካኒክ ሁሉ «አሁን ምንም የለባትም፣ ሲጀምራት አምጫት» የሚልሽ ይህን ስለማያደርግ ነው። ፀጉር ቤት የሚጠቀሙበትን የውሃ መርጫ ያዢ። ሲመሽ፣ ጨለም ባለ ቦታ፣ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመሽ የእጅ ፍሬን ያዢ። ማርሹ ነጻ ወይም ፒ ላይ ይሁን። ሞተሩን አስነሽና ሌላ ሰው መሪው ጋ ይቀመጥ። ነጠላ፣ ሻሽ፣ ረዥም እጅጌ ከቺንጋውና ከፋኑ ይራቅ፤ ኮይሎቹንም በእጅሽ አትንኪ። ልብ ላይ የተተከለ መሣሪያ ያለው ሰው ጭራሽ አይጠጋ።

ከዚያ አንድ ቦታ ብቻ በጉም መልክ እርጪ፣ ደቂቃ ጠብቂ፣ አዳምጪ። መጀመሪያ ኮይሎቹን አንድ በአንድ፣ ቀጥሎ ሶኬቶቹን፣ ቀጥሎ የሽቦውን ጥቅል። ሁሉንም በአንዴ ካረጠብሽው ምንም አላወቅሽም። የምታመልጠው እሳት በጨለማ ሰማያዊ ሆና ትታያለች፤ ትክ ትክ የሚል ድምፅም አላት። አንዳንዶች ውሃው ላይ ጨው ጨምሩበት ይላሉ። ቶሎ ያሳያል፣ እውነት ነው፤ ግን ጨው ሶኬት ውስጥ ገብቶ ያዝገዋል። ተራ ውሃ ይበቃል።

ኮዱ አንድ ሲሊንደር ላይ ከጠቆመ፣ ለምሳሌ ፒ0301 ካለ፣ የማዛወር ሙከራ አለ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ቁልፉ ይጥፋ። የአንደኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩት፤ ቶዮታ ላይ ብዙ ጊዜ ባለ 10 ቁልፍ አንዲት ብሎን ብቻ ናት። በሚቀጥለው ዝናብ ኮዱ ፒ0303 ብሎ ከመጣ ጥፋቱ ከኮይሉ ወይም ከጎማው ጋር ተዛውሯል። እዚያው ፒ0301 ላይ ከቀረ ካንዴላውን፣ ሶኬቱን፣ ሽቦውንና ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጀክተር ማየት ነው። ይህ ሙከራ ዕቃ አያስገዛም፤ ምናልባት ብዙ ጋራዥ የማይወደው ለዚህ ይሆናል። ካንዴላ ከመፈታቱ በፊት ጉድጓዱ በአየር ይነፋ፤ አለዚያ የተጠራቀመው ውሃና አሸዋ ሲሊንደሩ ውስጥ ይወርዳል።

አሁን ስለ ቪትዝ ለብቻው የምለው አለ። ብዙዎቹ የመጡት ለጃፓን ተሠርተው ነው። ስለዚህ መሪያቸው ቀኝ ነበር፤ በኋላ ነው ወደ ግራ የተዞረው። መሪ ሲዞር የሚዞረው መሪ ብቻ አይደለም። ዳሽቦርዱ ይፈታል፣ ሽቦዎች ተቆርጠው ይቀጠላሉ፣ በሞተሩና በጋቢናው መካከል ያለው የብረት ግድግዳ አዲስ ቀዳዳ ይበሳለታል፣ አሮጌው ቀዳዳ ይደፈናል። ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ ችግር የለበትም። በችኮላ ከተሠራ ግን ሽቦ የሚያልፍበት የጎማ መዝጊያ አይመለስም፤ ቅጥሉም በፕላስተር ብቻ ይጠቀለላል። በሃያ ዓመት ውስጥ ፕላስተሩ ይላላል። ውሃ ቅጥሉ ላይ ሲደርስ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል። የባሰው ደግሞ ውሃው እዚያ አለመቆሙ ነው። በሽቦው ሽፋን ውስጥ፣ ኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ፣ እየተሳበ ራቅ ያለ ሶኬት ድረስ ይደርሳል። ለዚህ ነው አንዳንዴ ዝገቱ የሚገኘው ውሃ ጨርሶ ሊገባበት በማይችል ቦታ የሆነው።

ኮይሎቹ ንጹሕ ሆነው ከተገኙ ስለዚህ ፍለጋው ወደ ሽቦው ይሄዳል። ጥሩ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ፈልጊ፤ ይህ የመካኒክ ሥራ አይደለም። ቅጥሎቹን ይፍታ፣ አረንጓዴውን ቆርጦ ይጣል፣ በብየዳ አያይዞ በሙቀት የሚኮማተር፣ ከውስጡ ማጣበቂያ ያለው ቱቦ ያልብስልሽ። የማሳ ሽቦውንም፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄደውን፣ ጫፉን ፈትቶ ይፈግፍገው። የዛገ ማሳ በደረቅ ቀን ይሠራል፣ በእርጥብ ቀን ያሳብዳል። በነገራችን ላይ ክረምት ላይ አይጦችም የሞተሩን ሙቀት ይወዱታል። የተበላ ሽቦ ካየሽ ውሃውን ብቻ አትውቀሺ።

ጋራዥ ውስጥ የማትፈቅጃቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሲሊኮን ነው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን የመስኮት ሲሊኮን ሶኬት ላይ የሚቀባ ሰው አጋጥሞሽ ይሆናል። ያ ሽታ አሲድ ነው፤ ሲደርቅ መዳብ ይበላል። ውሃ ሊከለክል ተቀብቶ ራሱ ያዝጋል። ሁለተኛው ሽቦ በመርፌ ወግቶ መብራት መፈተሽ ነው። መርፌዋ የምትተዋት ቀዳዳ ለዓይን አትታይም፤ ለውሃ ግን በር ናት። ሦስተኛው ሶኬት ውስጥ ለኩሽኔት የሚሆነውን ተራ ግሪስ መሙላት ነው። ተገቢው የኤሌክትሪክ ሲሊኮን ግሪስ ነው፤ እሱም በስሱ፣ የጎማው ጠርዝ ላይ ብቻ። ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ውሃ አባራሪ ስፕሬይ ለአንድ ጠዋት ያስነሳሻል፤ ጥገና ግን አይደለም።

ላቫጆ። «ሞተሩንም ልጠብልሽ?» ሲሉሽ አይሆንም በያቸው። የግፊት ውሃ ዝናብ በዓመት የማይገባበት ቦታ በአንድ ደቂቃ ይገባል። የካንዴላው ጉድጓድ አንዴ ከሞላ ለቀናት አይደርቅም። የግድ መታጠብ ካለበት በእርጥብ ጨርቅና በብሩሽ ይጠረግ።

የኮምፒውተሩን ነገር እመጣበታለሁ ብዬ ነበር። አንድ ቀላል ምርመራ አድርጊ፤ ዝናብ ባደረበት ጠዋት የፊት ወንበሮቹን ምንጣፍ አንሥተሽ ስሩን በእጅሽ ጫን ጫን አድርጊው። ደረቅ ከሆነ ኮምፒውተሩን እርሺው። ከረጠበ ውሃ ጋቢና እየገባ ነው፤ ያኔ የኮምፒውተሩ ሶኬት ይታይ። መሪው ባልተዞረ ቶዮታ ብዙ ጊዜ ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዳሽቦርድ ሳጥን ጀርባ ነው። በተዞረው ግን የሠራው ሰው ደስ ያለው ቦታ ሊሆን ይችላል። ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ከታየ ይጽዳ፤ ቀዳዳውም ይደፈን። ውሃው ሳይቆም አዲስ ኮምፒውተር ብትገጥሚ በሚቀጥለው ሐምሌ ሁለተኛ ትገዣለሽ። አሮጌ ኮምፒውተር ከሌላ መኪና አምጥቶ መግጠምም ቀላል አይደለም። የሞተሩ ዓይነትና የዕቃ ቁጥሩ መግጠም አለበት፤ የቁልፍ መለያ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ላይነሳም ይችላል።

ነዳጅ የሚበሉ መኪኖችን ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ቪትዝ ያለው ሰው ቪትዙን መያዝ ነው የሚያዋጣው። ያገለገለ የምትገዢ ጓደኛ ካለችሽ ይህን ንገሪያት፦ ቁልፉን ሞተር ሳታስነሺ ስታዞሪ የኢንጅን መብራቷ ልትበራ ይገባል፤ ስትነሳ ትጠፋለች። ገና ከመጀመሪያው ካልበራች አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይም የነቀለው ሰው አለ።

ለጋራዡ እንዲህ በያቸው፦ «ኮዱን አትሰርዙ። አራቱንም ኮይል አውጡና ጎማቸውን አሳዩኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት እንዳለ እኔው ልይ።» ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሥራ አይደለም። ከሀዋሳ በፊት ጊዜ ካገኘሽ ይህንና የቅጠሉን መውረጃ ብቻ አስጨርሺ፤ ሽቦው ስትመለሺ ይደርሳል። መንገድ ላይ ጎርፍ ከገጠመሽ ጥልቀቱን ሳታውቂ አትግቢ። ገብተሽ ሞተሩ ከጠፋብሽ ደግሞ መልሰሽ እንዳታስነሽው። ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ አይታመቅም፤ የሚታጠፈው የሞተሩ ብረት ነው። አስገፍተሽ አውጫት፣ ካንዴላዎቹ ተፈተው ውሃው ይውጣ።